ከቡጎሎቢ በታች ያለው ደንገል

ደንገል ሲባል የአገራችን ሰው አሳቡ ወደ ጣና ሐይቅና ወደ ታንኳው ይሄዳል። በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ግን ደንገል ሌላ ሥራ አለው። ቡጎሎቢ ከሚባለው ሰፈር በታች እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በተዘረጋው በናኪቩቦ ረግረግ በቅሎ የከተማውን እድፍ ያጠራል።

ከከተማው መካከል የሚወርደው ቦይ የጎርፉን ውሃና ከቡጎሎቢ ማጣሪያ የሚለቀቀውን ፍሳሽ ይዞ ወደ ረግረጉ ይገባል፤ ረግረጉም መርቺሰን ወደሚባለው የሐይቁ ሰላጤ ያፈሰዋል። ካምፓላ ለረጅም ዘመን የጠጣችውና ዛሬም በከፊል የምትጠጣው ውሃ የሚቀዳው ከዚሁ ሰላጤ፣ ጋባ ከሚባለው ሥፍራ ነው። የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የተካፈሉበትና በ2004 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው ጥናት፣ ደንገል ከሌላው የረግረግ ሣር አብልጦ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ከውሃው እንደሚያስወግድ አስረድቷል፤ ሥሩ ብዙ ስለ ሆነ እድፉን ለሚበሉት ረቂቅ ነፍሳት ሰፊ ማደሪያ ይሆናቸዋል። በ1999 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ያስጠናው ግምት ደግሞ የረግረጉ ውሃ የማጥራት አገልግሎት በዓመት ከ1 እስከ 1.75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያወጣል ብሏል። ይህ ሁሉ ሀብት የሚገኘው ብዙ ሰው «ጭቃ ነው፣ ቢደርቅ ይሻላል» ከሚለው መሬት ነው!

ደንገሉ ግን እየተመነጠረ ጎደሬና ሸንኮራ አገዳ ይተከልበታል። ድኻው ገበሬ የሚበላውን ስለ ፈለገ አንወቅሰውም፤ ዋጋውን አስቀድሞ የሚከፍለውም እርሱ ራሱ ነው። በ2016 የታተመ የካምፓላ ጥናት፣ በፍሳሹ አጠገብ ከሚያርሱት 100 ሰዎች 76 ያህሉ የአንጀት ጥገኛ ተሐዋስያን እንዳሉባቸው አግኝቷል። የፍሳሽ ማጣሪያ ሠራተኞቹ ግን ከ100ው 42 ያህል ብቻ ነበሩ። ከሽንት ቤቱ ፍሳሽ ጋር የሚውለው ሠራተኛ ከአራሹ የተሻለ ጤና ማግኘቱ የሚያስደንቅ ነው። የመንጠቆ ትል በባዶ እግር ቆዳ በኩል እንደሚገባ የሚያውቁ እመቤቶች፣ ልጆቻቸው በእንዲህ ያለ ጭቃ ውስጥ ያለ ጫማ እንዳይመላለሱ ይከላከላሉ፤ አትክልቱንም በንጹሕ ውሃ አጥበው በሚገባ ያበስላሉ።

በቡጎሎቢ በቀን 45 ሚሊዮን ሊትር ፍሳሽ እንዲያጣራ የታቀደ አዲስ ማጣሪያ ተሠርቷል፤ መልካም ነው። ወፎች ግን በማጣሪያ ጎጆ አይሠሩም።

በካምፓላ ዛፎች ላይ የሰፈረውን አባ ኮዳ አይቶ ወፉ ሁሉ ደኅና ነው የሚል ሰው ይሳሳታል፤ አባ ኮዳ በቆሻሻ ክምር የሚጠግብ ነው። በራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያቆመውና ክሬን የሚባለው ረጅም እግር ወፍ ግን እንቁላሉን የሚጥለው በረግረግ ነው። ዩጋንዳ በ1962 ነፃነቷን ስታገኝ በሰንደቅ ዓላማዋ መካከል የሣለችው ይህንኑ ወፍ ነበር። በ2012 ግን የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው አዕዋፍ መዝገብ ገባ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የረግረጎች መድረቅ ነው። የዚህ ወፍ ዘመድ የሆነው ጥቁሩ ባለ ዘውድ ክሬን በአገራችን በጣና ዙሪያ ይገኛል፤ በዚያም ደንገሉ ለእርሻ ሲባል እየተመነጠረ ነው።