ማክላረን ለማን አደላ?

በእግር ኳስ ሁለት አጥቂዎች ቢኮራረፉም ጎሉ የቡድኑ ነው። የፎርሙላ ዋን የአሽከርካሪዎች ዋንጫ ግን የአንድ ሰው ስለሆነ የቡድን ጓደኛህም ተቀናቃኝህ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 ማክላረን ቤት የታየው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያኮረፉት እንግሊዞች ነበሩ። ሞናኮ ላይ ጀማሪው ሉዊስ ሃሚልተን ከሻምፒዮኑ ፈርናንዶ አሎንሶ ኋላ ሁለተኛ ሲወጣ “ተይዞ ነው” የሚል ወሬ ተነሳ፤ የስፖርቱ የበላይ አካል ፊአ መርምሮ ቡድኑን ነፃ አለው። ሃንጋሪ ላይ ነገሩ ለየለት። በማጣሪያው ሃሚልተን አሎንሶን አሳልፍ ሲባል እምቢ አለ፤ ስፔናዊውም ጎማ ከተቀየረለት በኋላ እዚያው ቆሞ መንገድ ዘጋበት። አምስት ደረጃ ወደ ኋላ ተቀጣ።

ከዚያ ወዲህ ተጠራጣሪዎቹ ስፔኖች ሆኑ። አለቃው ሮን ዴኒስ ደግሞ ከቻይናው ውድድር በኋላ የተፎካከርነው ከራይኮነን ሳይሆን ከአሎንሶ ጋር ነው ብለው አረፉት! ከገዛ ሾፌራቸው ጋር ማለት ነው። ፊአ ለመጨረሻው የብራዚል ውድድር ማክላረንን የሚከታተል ታዛቢ እስከ መመደብ ደረሰ።

እውነት የአሎንሶ መኪና ተነካክቶበታል? ለእኔ አይመስለኝም። ሁለቱም አራት አራት ውድድር አሸንፈው እኩል 109 ነጥብ ይዘው ጨርሰዋል። እነሱ ሲጓተቱ የፌራሪው ኪሚ ራይኮነን በ110 ነጥብ ዋንጫውን ይዞ ሄደ።