አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ማነው?

በሀርጌሳ የምንኖር ሐበሾች ከአገሬው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን የምንቀመጠው የት ነው ቢባል መልሱ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ገበያ ላይ ገዝተን እንሄዳለን፣ ሥራ ቦታ ታዘን እንሠራለን፣ ቤታችን ገብተን በር እንዘጋለን። ሚኒባስ ውስጥ ግን ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ግንበኛውም፣ ልብስ አጣቢዋም እኩል ሒሳብ ከፍለው እኩል ይጨናነቃሉ። ስለዚህ ይህች የደቂቃዎች ጉርብትና ቀላል ነገር አይደለችም እንላለን።

ብዙዎቻችን ግን ገና ስንገባ አንገታችንን ደፍተን ስልካችን ላይ እናፈጣለን። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሲደወልልን ወይ እናንሾካሹካለን፣ ወይ ጭራሽ እንዘጋዋለን። ለምን? ፈርተን ነዋ! ፍርሃቱ መሠረት የለውም አንልም። ወረቀቱ ያልተስተካከለለት አለ፣ ስድብ የሰማ አለ። በተለይ የአገሮቹ ስም በዜና ሲነሣ ወሬው ወደ እኛ ይዞራል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ አዲስ አበባ ላይ ከተፈረመ በኋላ፣ ባሕሩን በኪሳችን የያዝነው እኛ ይመስል ስንጠየቅ ከረምን። መልሱ አጭር ነው፦ «ወላል፣ እሱ የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ እኛ ሒሳብ ከፍለን የተሳፈርን ነን»። ይህንን ፈገግ ብሎ የመለሰ ሰው ሲጣላ አላየንም።

ዝም ብለን በፍርሃት የምናያቸው ሽማግሌስ ማን እንደሆኑ እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ ጦር ሀርጌሳን በአውሮፕላን ሲደበድብ፣ አውሮፕላኖቹም ከዚችው ከተማ ማረፊያ ይነሱ በነበረበት ጊዜ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ የገባው ወደ ኢትዮጵያ ነው። ሀርቲሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ይባል ነበር፣ የተዘጋውም እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። መሀል ከተማ የቆመውን የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያ ሐውልት አጠገብ አብረውን የሚያልፉት አዛውንት ምናልባት ራሽን ተሰልፈው የተቀበሉ፣ በድንኳን ልጅ ያሳደጉ ናቸው። «ስደተኛ» የሚለውን ቃል እኛ አላስተማርናቸውም። አንዳንዱማ «ደህና ነህ ወይ ልጄ» ብሎ በአማርኛ ሲጀምርልን የምንገባበት ይጠፋናል።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድነው? መጀመሪያ ሰላምታ። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ለመግባት ሶማሊኛ መቻል አያስፈልግም። ትልቅ ሰው ከሆነ «አዴር»፣ እናት ከሆነች «ኤዶ»፣ እኩያ ከሆነ «ወላል» ማለት ደግሞ ምንም አያስወጣም። ሴት አጠገብ ባዶ ቦታ ስላየን ብቻ ዘው ብለን አንቀመጥ፤ እንደ አገሩ ወግ ጠጋ ጠጋ ተብሎ ቦታ እስኪስተካከል እንጠብቅ። በዚህ ከተማ አብዛኛው መኪና መሪው በቀኝ ሆኖ ጉዞውም በቀኝ ነው፤ ስለዚህ በራቸው ወደ መሀል መንገድ የሚከፈት ሚኒባሶች አሉ። ስንወርድ ክንዳችንን ይዞ «ቆይ፣ መኪና መጣ» የሚለን የማናውቀው ሰው ነው። እኛም ለሌላው እንዲሁ እናድርግ።

ይህንን ስንል ግን ሁሉን እንመን ማለታችን አይደለም። ሌላው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ከወጃሌ የገቡ ልጆች፣ ሻንጣቸውን ታቅፈው ዓይናቸው የሚቅበዘበዝ፣ ሚኒባስ ውስጥ ይታወቃሉ። ያኔ ነው ጥርት ባለ አማርኛ «እህቴ፣ ከየት ነሽ? ማን አለሽ?» የሚል ሰው ብቅ የሚለው። ጥያቄው የዘመድ ነው፣ ሥራው ግን የደላላ ሊሆን ይችላል። በቡርዖ አድርጎ ወደ ቦሳሶ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን የሚወስደው ታህሪብ የሚጀምረው በእንዲህ ያለ ለስላሳ ቃል ነው። ስንቱ ባሕር ላይ እንደቀረ፣ የስንቱ ቤተሰብ ከብቱን ሸጦ ማስለቀቂያ እንደላከ የማናውቅ የለንም። ታዲያ ከኋላ ወንበር ሆነን እየሰማን ዝም የምንለው ለምንድነው? «እህቴ፣ ስልክ ቁጥርሽን አትስጪ፣ መጀመሪያ የስደተኞች ቢሮ ሄደሽ ተመዝገቢ» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ደላላው ቢያኮርፍ ያኩርፍ!

እርስ በርሳችንም ብንሆን እንተራረም። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ «የየት አገር ልጅ ነህ?» የሚለው የጥንት ሰላምታ ጠረኑ ተለውጧል። ድሮ የአገር ሰው መፈለጊያ ነበር፤ ዛሬ የሚጠየቀው ሰው መልሱን ከመስጠቱ በፊት በሩን ያያል። በስደት ከተማ ወንድምህን ስትመረምረው ሌላው ምን ይበልህ? «ቤት አገኘህ ወይ? ሥራስ?» ብሎ መጀመር ይቻላል። አገሩን ራሱ ሲፈልግ ይናገራል።

ስለዚህ ቋንቋችንን የተናገረ ሁሉ ዘመድ አይደለም፤ ቋንቋችንን ያልተናገረም ሁሉ ባዳ አይደለም። ሰውን በሥራው እንመዝን። ነገ ሚኒባስ ስንሳፈር ስልካችንን ኪሳችን ከትተን፣ ቀና ብለን፣ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰላም እንበል። ጭንቅ የያዘው አዲስ መጪ ካለም ሳንጠይቀው አንውረድ።