የቤትና የግቢ ምክር፤ ቺንጋው ለምን ይበጠሳል?

ቡኮቶ የካምፓላ ሠፈር ነው። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ የግቢውም ሣር ፈጥኖ ያድጋል። ስለዚህ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ተቀምጦ የሚነዳው የሣር ማጨጃ መኪና ቢይዝ አያስደንቅም።

ቺንጋ ከኢጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ስለቶቹ የሚያደርሰው የጎማ ቀበቶ ማለት ነው። በተበጠሰ ቁጥር አትክልተኛውን መገሠጽና አዲስ መግዛት የተለመደ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከቺንጋው ጎረቤቶች ይገኛል።

አስቀድመን ሞተሩን እናጥፋ፤ ሲበርድም የካንዴላውን ገመድ እንንቀል፤ ስለት ለጣት አይራራምና። ከዚያም ክዳኑን ከፍተን እንመርምር።

አንደኛ፤ ቺንጋው በሚዞርባቸው ፑሌጃዎች ዙሪያ እርጥብ ሣር ተጠቅጥቆ እንደ ሆነ እንጥረገው።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጃችን እናዙር። ቢንኳኳ ወይም አልዞርም ቢል ኩሽኔታው አልቋል፤ ቺንጋውን የሚያቃጥለው እርሱ ነው።

ሦስተኛ፤ ቺንጋውን የሚወጥረው ሞላ ከላላ፥ ቺንጋው ይንሸራተታል፤ ይጮኻል፤ በመጨረሻም ይወልቃል።

አራተኛ፤ የቺንጋው አንድ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ብናገኘው፥ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር አልቆሙም ማለት ነው።

አሮጌውን ሳናወጣ የሚዞርበትን መንገድ በወረቀት እንሣል፤ የአዲሱም ርዝመትና ስፋት ፋብሪካው ከወሰነው ጋር አንድ ይሁን። ምክንያቱ ሳይታወቅ የገባ አዲስ ቺንጋ የአሮጌውን ዕጣ ይወርሳል። ይህን አስቀድሞ የመረመረ ሰው ገንዘቡንም ያተርፋል፤ አትክልተኛውንም ያለ በደሉ ከመውቀስ ይድናል።