አይፎን ወይስ አንድሮይድ? ጥያቄውን ብንቀይረውስ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ «ቲቸር፣ ስልክ ልቀይር ነው፤ አይፎን ይሻላል ወይስ አንድሮይድ?» ለእያንዳንዱ በተናጠል መመለስ ስላልቻልኩ ሐሳቤን እዚሁ ላስቀምጥ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

እንደኔ እንደኔ ጥያቄው ራሱ መስተካከል አለበት። ድሮ ስልክ መደወያ ነበር፤ ቢጠፋ የሚያናድደን የጠፋው ኮንታክት ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ግን ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ደመወዙ፣ የቤት ኪራዩ፣ የዕቁቡ ብር፣ የመብራት ክፍያው ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ቦርሳ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ስፌቱንና ዚፑን ነው። ስለዚህ ስልክ ስትገዙም ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይሄ ስልክ ስንት ዓመት ይጠበቃል? ደግሞስ በእውነት የእኔ ይሆናል ወይ?

በመጀመሪያ ስለ ሲስተሙ። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007፣ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ደግሞ በ2008 ሲመጡ ገበያው የኖኪያና የብላክቤሪ ነበር። ማይክሮሶፍትም በዊንዶውስ ፎን ሞክሯል። መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች ትተዋቸው ሲሄዱ ሲስተሞቹም ቀሩ። ዛሬ እኛ ገበያ ላይ በተግባር ሁለቱ ብቻ ናቸው ያሉት፤ የአፕሉ አይኦኤስና የጎግሉ አንድሮይድ። ሁለቱም ላይ ቴሌብር አለ፣ የባንክ መተግበሪያ አለ፣ ቴሌግራም አለ። «የትኛው ሲስተም ያዋጣል?» ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። የሚሞተው በእጃችሁ ያለው ስልክ ነው። እሱም ስክሪኑ ሲሰበር ብቻ ሳይሆን፣ አምራቹ አፕዴት መላክ ሲያቆምም መሞት ይጀምራል።

ብዙ ሰው አፕዴትን ዳታ የሚበላ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። አፕዴት ማለት ግን ሌባ ያገኘውን ቀዳዳ መድፈን ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። አፕል በ2018 ያወጣው አይፎን ኤክስ ኤስ በ2024 የወጣውን አይኦኤስ 18 ተቀብሏል። ከአንድሮይድ ወገን ጎግል ከፒክስል 8 (2023)፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ24 (2024) ጀምሮ ለሰባት ዓመት አፕዴት እንሰጣለን ብለዋል። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ አንድሮይዶች ግን ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ ይረሳሉ።

አይፎን ስለሆነ ብቻ ግን ዕድሜ አለው ማለት አይደለም። በ2014 ሲወጣ ስንቱን ያስቀና የነበረው አይፎን 6፣ ከሜይ 2025 ጀምሮ ዋትስአፕ እንኳ አይሠራበትም። ስለዚህ ስሌቱ ይሄ ነው፦ ዋጋውን ለቀሩት የአፕዴት ዓመታት አካፍሉት። ለምሳሌ ስድስት ዓመት የቀረው የ60 ሺህ ብር ስልክ በዓመት 10 ሺህ ይወጣበታል። አንድ ዓመት የቀረው የ20 ሺህ ብር ስልክ ግን በዓመት 20 ሺህ ነው። ርካሽ የመሰለው ተወደደ ማለት ነው።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ይበልጥ ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንገዛው አዲስ ሳይሆን ስላሽ ነው። ስላሽ መግዛት ነውር የለበትም። ግን አይፎኑ ሴቲንግ ውስጥ የሌላ ሰው አፕል አካውንት ካለ፣ ብሩን ከፈላችሁ እንጂ ስልኩን አልገዛችሁም። የአካውንቱ ባለቤት ሲፈልግ ከሩቅ ሆኖ ይዘጋዋል። ሻጩ «አካውንት ከፍቼልሃለሁ» ብሎ በራሱ ኢሜይልና ፓስወርድ የሚያስረክብበት ልማድም አለ። ይህንን በፍጹም አትቀበሉ! ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ፎቷችሁንም ኮንታክታችሁንም ማየት ይችላል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ የድሮው አካውንት ይውጣ፣ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፣ በራሳችሁ ኢሜይል ይከፈት። አንድሮይድም ላይ የጎግል አካውንት እንዲሁ ይቆልፋል፤ እሱንም በዚሁ መንገድ አረጋግጡ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከአይፎን 14 ጀምሮ እዚያ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ባትሪ ሲያልቅ ሲሙን አውጥቶ የወንድም ስልክ ላይ መክተት ለለመደ ሰው ይሄ ቀላል ለውጥ አይደለም። በኮንትራት የተወሰደ ስልክም ለዚያው አገር ቴሌኮም የተቆለፈ ሊሆን ስለሚችል «አንሎክድ ነው ወይ?» በሉ። ጠይቆ መቀበል ይሉኝታ አያሻውም።

አንድሮይድን ያቃለልኩ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ኑሮ ብዙ ይመቻል። ሁለት ሲም ይይዛል፤ አንዱን ኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱን ሳፋሪኮም ማድረግ ነው። ብዙዎቹ ሜሞሪ ካርድ ይቀበላሉ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያሻግር ትልቅ ባትሪ አላቸው፣ ቢበላሹም ጠጋኙ በየሰፈሩ ነው። ቴክኖና አይቴል የሚያመርተው ትራንሽን እዚሁ አገራችን ውስጥ መገጣጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ፕሮግራሚንግ ለምትማሩ ልጆቼም አንድሮይድ ይቀላል። በማንኛውም ላፕቶፕ ሠርታችሁ በአንድ ጊዜ የ25 ዶላር ክፍያ ፕሌይ ስቶር ላይ ታወጣላችሁ፤ አፕል ግን ማክ ኮምፒውተርና በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል።

የአንድሮይድ ችግሩ በሩ ሰፊ መሆኑ ነው። ከፈቀዳችሁለት በቴሌግራም የተላከ ኤፒኬ ሁሉ ይጫናል። «ሽልማት ደርሶሃል» ተብሎ የመጣ ፋይል ኤስኤምኤስ የማንበብ ፈቃድ ካገኘ የባንካችሁን ኮድም ያነባል። ከፕሌይ ስቶር ውጭ ምንም አትጫኑ፤ የላከው የቅርብ ጓደኛችሁ ቢሆንም። እሱም ተጠልፎ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ቅር የሚላችሁን ልናገር። ያለው ሰው የፈለገውን ይግዛ፤ ማንም አይከለክለውም። ቪዲዮ እየቀረጸ እንጀራውን የሚበላ ሰውም አይፎን መሣሪያው ነው፤ ቪዲዮው ጥሩ ነው፣ ሲሸጠውም ዋጋ አይወርድበትም። ነገር ግን ገና ሥራ የጀመረ ልጅ የዕቁብ ዕጣውን ሙሉ፣ አልበቃ ሲለውም ብድር ጨምሮ፣ ጀርባው ላይ ለተሳለችው ፖም ሲል ሲያወጣ ዝም ማለት ይከብደኛል። ፖሟን የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን እሱ ነው። በስልኩ የሚለካችሁ ጓደኛ ነገ በመኪና ይለካችኋል፤ መጨረሻ የለውም።

በአጭሩ፦

1. አቅም ካለና ረጅም ዓመት መያዝ ከፈለጋችሁ፣ አፕዴቱ ገና ብዙ የቀረው አይፎን ወይም የሳምሰንግ ኤስ መስመር ግዙ።

2. አቅም ካነሰ፣ ካረጀ ስላሽ አይፎን ይልቅ አዲስ መካከለኛ አንድሮይድ ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ሴቲንግ ገብታችሁ «አባውት ፎን» ውስጥ የመጨረሻው የሴኩሪቲ አፕዴት መቼ እንደሆነ እዩ። ከዓመት በላይ ከሆነው ተዉት።

3. ስላሽ ከገዛችሁ *#06# ደውላችሁ የሚመጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

4. ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ስትገዙ፣ አጠገባቸው ያለው ልጅ የሚያውቀውን ሲስተም ምረጡላቸው። የፒን ቁጥር ጠፍቶባቸው ሲጨነቁ ደርሶ የሚረዳቸው እሱ ነው።

ልትገዙ ያሰባችሁት ካለ ሞዴሉን፣ በጀታችሁንና ሥራችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። የስልክ ጥገና ላይ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼም ግቡበት፤ ከእኔ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

መልካም ምሽት!