የካንሰር ክትባትና ገና ያልተፀነሰው ልጅ
ሜጅ-ኤ3 የተባለው ፕሮቲን በአንዳንድ የሳንባና የቆዳ ካንሰር ዕጢዎች ላይ ይገኛል፤ ከጤነኛው አካል ደግሞ በወንድ ዘር ፍሬና በእንግዴ ልጅ። ሰውነት ይህን ፕሮቲን እንዲያጠቃ የሚያነሳሳ ክትባት መካንነት ወይም ውርጃ ያስከትል እንደሆነ አስቀድሞ በእንስሳት ላይ መፈተሽ አለበት። «ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሕመምተኛ ስለ መውለድ ምን ያስጨንቀዋል?» የሚሉ አሉ። በሽታው ለጠናበት ሰው እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ያለ ውጤት የተቋጨው ትልቁ የሜጅ-ኤ3 የሳንባ ካንሰር ሙከራ የተካሄደው ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው፣ የመዳን ተስፋ ባላቸው ሰዎች ላይ ነበር።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ አይጥ ሰው አይደለችም። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት የሰውንና የጥንቸልን ፅንስ ሲያጎድል አይጦችን ብዙም አልነካም። ይህ ግን ፈተናውን ለመተው ሳይሆን እንስሳውን አጥብቆ ለመምረጥ ምክንያት ነው። ተመሳሳይ ፕሮቲን ያለው እንስሳ ይፈለግ፤ ክትባቱ መሥራቱም በእናቲቱና በፅንሱ ደም ውስጥ ባለው ፀረ እንግዳ አካል መጠን ይለካ።