አዲሱ የባቡር ምልክትና የሰዓት አከባበር



ስለ ምድር ባቡር በተነሣ ቁጥር «ዘመናዊ የምልክት መሣሪያ ቢተከል ኖሮ ባቡር ባልዘገየ ነበር» ሲባል እሰማለሁ። አነጋገሩ ግማሽ እውነት ስለሆነ፥ ይህችን አጭር አስተያየቴን በአንባቢያን አምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለነገሩ ምስክር የሚሆነን የስዊስ አገር ሐዲድ ነው። በዚያ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የሎችበርግ ዋሻ 34.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ባቡር ነጂ የውጭ መብራት እያየ ለማቆም ስለሚቸገር፥ የማለፊያው ፈቃድ በሬዲዮ መጥቶ በፊቱ ባለው ስክሪን ላይ ይታየዋል። ነጂው ከተፈቀደለት ፍጥነት ቢያልፍ መሣሪያው ራሱ ፍሬን ይይዛል። ከዚህ የበለጠ ዘመናዊ ነገር ምን ይፈለጋል?

ነገር ግን ከዚያው ዋሻ 21 ኪሎ ሜትር ያህሉ የሚሠራው በአንድ ሐዲድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከወዲያ የሚመጣው ባቡር የዘገየ እንደሆነ፥ ከወዲህ በሰዓቱ የደረሰው ቆሞ ሊጠብቀው ይገደዳል። መሣሪያው ሁለቱ እንዳይጋጩ ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን ደቂቃ ከየትም አያመጣም። ይልቁንም አዲሱ ምልክት ባቡሮችን አቀራርቦ ለመላክ ስለሚያስችል፥ የተገኘውን ጊዜ ሁሉ በተጨማሪ ባቡር የሞሉት እንደሆነ አንዱ በጣቢያ ሦስት ደቂቃ ቢቆይ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይሰለፋሉ። በጉዞ ሰሌዳ ላይ ባዶ የተተወች ደቂቃ የባከነች ትመስላለች፤ ለዘገየው ባቡር የምትደርስለት ግን እርሷ ናት።

የስዊስ ሰዎች ይህን አውቀው በባዝል ከተማ የሚያደርጉትን እንመልከት። ባዝል ከጀርመን የሚመጡት ባቡሮች የሚገቡባት የድንበር ከተማ ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. ከጀርመን የረጅም ጉዞ ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት ከመቶ 62.5 ብቻ ነበሩ፤ ያውም ስድስት ደቂቃ ያልሞላው መዘግየት ሳይቆጠር። ስዊሶች የሚምሩት ሦስት ደቂቃ ያልሞላውን ብቻ ሲሆን፥ በዚያው ዓመት ከመቶ 93 የሚበልጡ ባቡሮቻቸው በሰዓታቸው ደርሰዋል። እንግዲህ በጣም ዘግይቶ ከጀርመን የመጣ ባቡር ብዙ ጊዜ ባዝል ላይ እንዲያበቃ ይደረግና መንገደኛው ወርዶ በስዊስ ባቡር ይቀጥላል።

ሻንጣውን ተሸክሞ የሚወርደው ሰው ያማርራል፤ ማማረሩም ተገቢ ነው። ሆኖም የእርሱ መዘግየት ወደ ሥራቸው ለሚሄዱት ለብዙ ሺህ ሰዎች እንዳይተላለፍ የወሰነው የቁጥጥር ክፍል ሠራተኛ እንጂ መብራቱ አይደለም። እኔ በበኩሌ ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ።

በአገራችንም ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መስመር ከአዳማ ወዲያ አንድ ሐዲድ ስለሆነ፥ ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት በጣቢያ ነው። እዚያም የመንገደኛው ይለፍ ወይስ የጭነቱ፥ በሰዓቱ የደረሰው ይለፍ ወይስ የዘገየው የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አለ። የዚህ ቅደም ተከተል ደንብ በግልጽ ተጽፎ በየጣቢያው ቢለጠፍ፥ የሚጠብቀው መንገደኛ ቢያንስ ስለ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ