«ድመቴን ላድን ወይስ ጉርብትናዬን?»

የዛሬዋ ጠያቂያችን እንደ ወትሮው ስለ ፍቅረኛ አይደለም የጻፈችልን። «ድመት ነው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ» ብላ ነው የጀመረችው። እኛም አልሳቅንም። ደብዳቤዋን አሳጥረን እነሆ፦

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አራት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ከአባቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። እናቴን ካጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ከእሷ የቀረችኝ አንዲት ግራጫ ድመት ናት። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ዶሮ ያረባሉ። ባለፈው ወር ድመቷ ሦስት ጫጩት በላችባቸው፤ ከፈልኳቸው። በዚህ ሳምንት አራተኛውን በአፏ ይዛ በእኛ በር ስትገባ ግቢው ሁሉ አየ። እትዬም ‹ሁለተኛ ባያት መርዝ ነው የማስቀምጠው፤ አልነገሩኝም እንዳትይ› አሉኝ። አባቴ ደግሞ ‹በማዳበሪያ ከትቼ ወንዝ ማዶ ነው የምጥላት› ይላል። እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም። እናቴ የሞተች ዕለት ንፍሮውን የቀቀሉት፣ እኔንም አቅፈው ያደሩት እሳቸው ናቸው። ድመቷን ቤት ብዘጋባት ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ታድራለች። ኧረ ምን ይሻለኛል? ስሜ ይቆየኝ።»

ውድ እህታችን፣ በቅድሚያ የእናትሽን ነፍስ ይማር። ድመቷ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀችሽ ገብቶናል።

እትዬም ግን እውነት አላቸው። ለእሳቸው ጫጩት የነገ እንቁላል ነው፣ የበዓል ዶሮ ነው። ድመትሽም ጥፋተኛ አይደለችም፤ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ነውና። መርዝ ደግሞ ሰው አይመርጥም። የእትዬን ዶሮዎችም፣ የግቢውን ሕፃናትም ሊያገኝ ይችላል። ወንዝ ማዶ መጣሉም ቢሆን ድመቷን ለረሃብና ለውሻ መስጠት ነው፤ ከተረፈችም የሌላ ሰው ጫጩት ትበላለች። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል! የኛ ምክር፣ ከመስኮትሽ ሥር ባለ ሽቦ ደጅ ሥሪላት ነው። ፀሐይ ትሞቃለች፣ ወፍ ታያለች፣ ከጫጩቶቹ ግን አትደርስም።

በመጀመሪያ ልኩ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ቢሆን ቆመሽ ገብተሽ ትጠርጊዋለሽ። ከቤታችሁ ግድግዳ ጋር ከተያያዘ አንዱ ጎን በነፃ ተገኘ ማለት ነው። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ግን ሚስማር ከመምታትሽ በፊት አከራዩን አስፈቅጂ።

ለማገሩ ሞራሌ ይበቃል። ገንዘብ ካለ በያጅ ጠርቶ በቱቦላሬ ማሠራት ነው፤ ከሌለም የባሕር ዛፍ አጠና ያገለግላል። እንጨቱን መሬት ውስጥ አትቅበሪው፤ ምስጥና ዝናብ ይጨርሱታል። ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ አቁሚው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አንጠራም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ አሮጌ በርና ሽቦ ተከራክሮ የገዛ ሰው ግን ብዙ ያተርፋል።

ሽቦው ላይ አትሰስቺ። ስሱ የዶሮ ሽቦ ዶሮ ያግዳል እንጂ የውሻ ጥርስ አይችልም። ጠንከር ያለውንና የተበየደውን፣ ቀዳዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል የማይበልጠውን ምረጪ። የተቆረጠው ጫፍ እግሯን እንዳይወጋት በፒንሳ ወደ ውጭ እጠፊው። ከታች በኩል ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ወደ ውጭ መሬት ላይ አንጥፈሽ ድንጋይ ጫኚበት፤ ውሻ ቆፍሮ አይገባም።

ጣሪያ የሌለው አጥር ለድመት አጥር አይደለም፤ ዘላ ወይም በሽቦው ተንጠላጥላ ትወጣለች። ግማሹን በቆርቆሮ፣ ግማሹን ፀሐይ እንዲገባ በሽቦ ክደኚው። የቆርቆሮው ውኃ ወደ እትዬ በር እንዳይፈስ ተዳፋቱን ወደ ራሳችሁ አድርጊው። በአንድ ጠብ ላይ ሌላ ጠብ እንዳትጨምሪ!

በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ስትገቢ በእግርሽ መሐል ሾልካ እንዳታመልጥ። መቀርቀሪያው የግቢው ሕፃናት ከማይደርሱበት ይሁን። ውስጡ ደግሞ ባዶ አይሁን። ድመት ከመሬት ይልቅ ከፍታ ትወዳለች። ሁለት ሦስት ጣውላ በተለያየ ከፍታ ምቺላት። ጥፍሯን የምትስልበት ግንድ በቃጫ ገመድ ጠምጥሚላት። ከመሬት ከፍ ያለ ሣጥን ውስጥ አሮጌ የጋቢ ቁራጭ አንጥፊላት፤ የሐምሌ ብርድ ለእሷም ብርድ ነው። የአሸዋ መጸዳጃዋን በአንድ ጥግ፣ ውኃዋን በሌላ ጥግ አድርጊ። አጠገቡ ቅንጭብ ካለ አርቂው፤ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል። ሊሊ አበባም አይጠጋት፤ የድመትን ኩላሊት ይገድላል።

መጀመሪያ ላይ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ከምግቧ ጋር አስገቢያት፤ ቀስ በቀስ ታስረዝሚዋለሽ። ማታ ማታ ወደ ቤት ትግባ። በተለይ ጅብ በሚጮህበት የከተማው ዳር ያላችሁ አንባቢያን ይህን አትርሱ።

አሁን ደግሞ እንጠይቅሽ፦ ምን እያበላሻት ነው? በጾም ወቅት ቤቱ ሁሉ ሽሮ ይሆናል። እናንተ 55 ቀን ትጾማላችሁ፤ ድመት ግን ያለ ሥጋ ጤና የላትም። ከልኳንዳ ሳንባ እየገዛሽ፣ በደንብ ቀቅለሽ ስጫት። የጠገበች ድመትም ማደኗን አትተውም፤ የራበችው ግን ትብሳለች። የሌሊቱ ጩኸት ደግሞ ወንድ ፍለጋ ሊሆን ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደሽ ማምከን ይቻላል። በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቢያት፤ በሽታው ለድመትም ለሰውም ነው። ያልታወቀ ድመት ወይም ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ዛሬ ነገ ሳይል ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁም፣ በረንዳችሁን ከታች እስከ ላይ በጠንካራ መረብ ወይም ሽቦ ጋርዱት። ወፍ ያየች ድመት ፎቅ ላይ መሆኗን ትረሳለች።

የቀረው ከሽቦው የሚከብደው ሥራ ነው። እሑድ ቡና አፍልተሽ እትዬን ጥሪያቸው። የአራተኛውን ጫጩት ዋጋ ሳይጠይቁሽ ስጪያቸው። ከዚያ «እትዬ፣ የት ቦታ ብሠራው ለእርስዎ ይመቻል?» ብለሽ አማክሪያቸው። ቦታውን የመረጠ ሰው ሥራውን አይጠላም። የተረፈውን ሽቦም አትጣዪው፤ ለጫጩቶቻቸው መከለያ አድርጊላቸው። ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ያን ሁሉ ጊዜ በድመትሽ ስም ሲበሉ ከርመው ይሆናል፣ ማን ያውቃል?

ለአባትሽ ብዙ አትከራከሪ። «የእማዬ ናት» በያቸው። ምናልባት እሳቸውም ድመቷን ባዩ ቁጥር የሚያስታውሱት ነገር ከብዷቸው ይሆናል «ልጣላት» የሚሉት። መዶሻውን አቀብያቸውና ጣውላውን እሳቸው ይምቱት።

እትዬ ምን እንዳሉሽ ጻፊልን። የሳምንት ሰው ይበለን!